ጭነት ለሚጎትት መኪና የዲፈረንሻል ዘይት፦ የአዳማ ሹፌሮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የጫነው፣ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው፣ የስንዴ መውቂያ ከኋላው አስሮ ወደ አሰላ የሚወጣው፣ ሁሉም አዳማን ይረግጣል። ሹፌሩ ሻይ ሲጠጣ ረዳቱ ጎማ ይመታል፣ የሞተር ዘይት ያያል። ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለውን የጥርስ ቤት፣ ዲፈረንሻሉን ግን ማንም ጎንበስ ብሎ አያየውም። የሞተር ዘይት የቀየረበትን ቀን በቃሉ የሚነግራችሁ ሰው፣ የዲፈረንሻሉን ስትጠይቁት «ስገዛው የነበረው ነው» ይላችኋል። ለቤት መኪና ይህ ለዓመታት ሳይታወቅ ያልፍ ይሆናል። ተሳቢ ለሚጎትት መኪና አያልፍም።

ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት ምን ይሠራል? የሞተር ዘይት ብሞላበትስ?

አይሆንም። ምክንያቱ የጥርሶቹ አሠራር ነው። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኃይል ከሚያመጣው ረጅም ዘንግ፣ ከፕሮፔለር ሻፍቱ ጋር የታሰረው ትንሹ ጥርስ፣ ማለትም ፒኞን፣ ትልቁን ጥርስ ኮሮናን ይገፋል። በአብዛኞቹ ፒክአፖችና የጭነት መኪናዎች ላይ ፒኞኑ የሚገባው ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ መሽከርከር ብቻ ሳይሆን በከባድ ጫና እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። የሞተር ዘይት ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ ተጨምቆ ይወጣል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል። የዲፈረንሻል ዘይት የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሞች ስላሉት በጫናው ቦታ ላይ ጥርሱን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያ የሚከረፋ ሽታ የሚመጣውም ከሰልፈሩ ነው።

ዘይቱ ሙቀትም ያወጣል። ዲፈረንሻል እንደ ሞተር ራዲያተር የለውም። ሙቀቱ ከጥርሱ ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱ ወደ ቤቱ ብረት፣ ከብረቱ ወደ ነፋሱ ይሄዳል። ቤቱ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጭቃ ከደረቀበት ይህ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። መኪና ስታሳጥቡ ከሥር ያለውንም ይጠቡላችሁ።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር?

ብዙ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። የአምራቹን መጽሐፍ ስትገልጡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መርሐ ግብር ታገኛላችሁ። አንዱ ለተራ አገልግሎት፣ ሌላው ለከባድ አገልግሎት ነው። ተሳቢ መጎተት፣ አቧራማ መንገድ፣ ሙሉ ጭነት፣ ኃይለኛ ሙቀት፣ እነዚህ ሁሉ ከባድ ውስጥ ናቸው። እዚህ የሚሠራ የጭነት መኪና አንዱን ብቻ ሳይሆን አራቱንም አንድ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ተራውን ገጽ እርሱት።

መጽሐፉ ከሌላችሁ፣ ተሳቢ ለሚጎትት ፒክአፕና ትንሽ አይሱዙ የኔ ምክር ከ20 እስከ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ተራው መርሐ ግብር 40 ወይም 50 ሺህ ሊል ይችላል። ትልልቆቹ መኪናዎች ዘይት በብዛት ስለሚይዙ ርቀታቸው ይረዝማል፤ ለእነሱ የአምራቹን ቁጥር ፈልጋችሁ ያዙ፣ በግምት አትሂዱ። ደግሞም ርቀቱ ሳታስቡት ይደርሳል። ከአዳማ ጂቡቲ ደርሶ መልስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 14 ዙር ስትመላለሱ 20 ሺህ አለፈ።

ግን ኪሎ ሜትር ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ዘይቱን የሚያረጀው ሙቀት ነው። በዘይት ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ባዶውን ሜዳ ላይ የሚሄድ መኪና ዲፈረንሻል 80 ዲግሪ አካባቢ ሊቆይ ይችላል። ያው መኪና ተሳቢ አስሮ ረጅም ዳገት ሲወጣ ከ120 ሊያልፍ ይችላል። የሁለቱ ኪሎ ሜትር እኩል ቢሆንም የዘይታቸው ዕድሜ እኩል አይሆንም።

የኛን መስመር ደግሞ ተመልከቱት። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ይበልጣል። ስለዚህ ከባዱ ጭነት የሚመጣው ከጂቡቲ ነው፣ ያውም ከባሕር ጠለል ተነስቶ፣ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዳማ እየወጣ። ዲፈረንሻሉ ፍዳውን የሚያየው በመልስ ጉዞ ነው። ዘይት ለመቀየር ወይም ለማየት የምታስቡ ከሆነ ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት አዳማ ላይ ጨርሱት። አዋሽ ካለፋችሁ በኋላ የሚፈለገውን ዘይት በሚፈለገው ጥራት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ኮሮናና ፒኞን አስቀይሬ ወጣሁ። ወዲያው መጫን እችላለሁ?

ባትጭኑ ይሻላል። አዲስ ጥርሶች እርስ በርስ እስኪላመዱ ብዙ ሙቀት ያመነጫሉ። የመጀመሪያውን 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ተሳቢ፣ አልፎ አልፎ እየቆሙና እያቀዘቀዙ መንዳት ነው። ከዚያ ዘይቱን አፍስሶ አዲስ መሙላት። የመኪናው ባለቤት «ቆሞ ቀረብኝ» ብሎ መጨቃጨቁ አይቀርም። ሁለተኛ ኮሮና ከመግዛት ግን ይረክሳል።

90 ቁጥር ይሻላል ወይስ 140?

ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት 80ደብሊው-90 እና 85ደብሊው-140 ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሲንቴቲክ የሆነው 75ደብሊው-90 አለ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ውፍረት ይናገራል። የኋላኛው ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ነው። አዳማ በረዶ ስለማይጥል የፊተኛው ቁጥር ብዙ አያስጨንቃችሁም። ለእናንተ ዋናው የኋላኛው ነው።

«ሙቀት ስለሆነ ወፍራሙን ሙሉበት» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት አለው። ወፍራም ዘይት በሙቀት ውስጥ የተሻለ ሽፋን ይዞ ይቆያል፤ አንዳንድ የከባድ መኪና አምራቾችም ለሞቃት አገር 140ን ይፈቅዳሉ። ግን ወፍራም ዘይት ራሱ ሲናጥ ሙቀት ይፈጥራል፣ ነዳጅም ይበላል፣ በጠባቡ ቀዳዳ አልፎ የፒኞኑን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታ ጋ ለመድረስም ይዘገያል። መጽሐፉ 90 ካለ 90 ሙሉ። 140ን አምራቹ ለሞቃት አካባቢ ብሎ ከጻፈው ብቻ ተጠቀሙ። ገንዘብ ካላችሁና መኪናው ቀን ከሌት የሚጎትት ከሆነ፣ ቁጥሩን ከማወፈር ወደ ሲንቴቲክ መሄድ ይሻላል። ሙቀትን ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

አንድ ነገር ደግሞ ጣሳውን አዙራችሁ እዩ። የዘይቱን ደረጃ የሚናገር ጂኤል-5 የሚል ጽሑፍ ይኑረው። ማሸጊያው የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከበርሜል በሊትር የሚቀዳውንም እንደዚያው።

ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም አንድ ዓይነት ዘይት ብገዛስ?

አንዳንድ መኪና ላይ ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ ካምቢዮ ያበላሻል። ጂኤል-5 ዘይት ያለው ጠንካራ ቅመም በብዙ የእጅ ማርሽ ካምቢዮዎች ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ካምቢዮው ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ይሁን። በተቃራኒው ጂኤል-4ን ዲፈረንሻል ውስጥ መሙላት ጥርሱን ያለ በቂ መከላከያ መተው ነው። ከአንድ ጣሳ ሁለቱንም ለመሙላት መጓጓት ይገባኛል፣ ዘይት ተወድዷል። ቢሆንም ሁለት ጣሳ ግዙ።

ዘይቱ መጉደሉን እንዴት ላውቅ?

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ዳገት ላይ ወይም በክሪክ አንድ ጎኑ ተነስቶ የሚለካው ውሸት ነው። ከጉዞ ከመጣችሁ ዘይቱ እስኪረጋ ጥቂት ጠብቁ፣ ቤቱም ይቀዝቅዝ። ከዚያ በጎን ያለውን የመሙያ ቡሎን ፈትታችሁ ትንሿን ጣት አስገቡ። ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። በብዙ ቶዮታዎች ላይ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ችግር የለውም። ጣታችሁ ዘይት ለመንካት መታጠፍና መፈለግ ካለበት ጎድሏል።

ሲጎድል መሙላት ብቻ አይበቃም፤ የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የፒኞን ኦይል ሲል አካባቢ፣ የዲፈረንሻሉ ሽፋን ዙሪያ፣ የኋላ ጎማ ውስጠኛው ክፍል። የመጨረሻው በጣም አደገኛ ነው። ጎማውን ከሚያዞረው ከአክስል ሻፍቱ የሚያፈሰው ዘይት ፍሬኑ ላይ ይደርሳል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ደግሞ ቁልቁለት ላይ አይዝም።

አብዝቼ ብሞላው የበለጠ አይጠብቅም?

አይጠብቅም። ትርፍ ዘይት ይናጣል፣ አረፋ ይሠራል፣ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ኦይል ሲሉ ነው።

መተንፈሻ የሚባለው ምንድን ነው? ጋራዥ ውስጥ ተዘግቷል አሉኝ።

ከአክስሉ ላይ የምትወጣ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቱቦ ናት። ዋጋዋ ርካሽ ነው፣ የምታመጣው ጣጣ ግን ብዙ ነው። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ በመተንፈሻው ይወጣል። አቧራና ጭቃ ከደፈናት አየሩ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ኦይል ሲል በላይ በላዩ የምትቀይሩ፣ ግን ማፍሰሱ የማይቆምላችሁ ሰዎች መጀመሪያ እሷን እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ሳለ የሚቀጣው ኦይል ሲሉ ነው።

በክረምት ሌላ ጣጣ አለባት። ግሎ የመጣ አክስል ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በጎርፍ ወይም በወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ቡሎኑን ፈትታችሁ ዘይቱን እዩት። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ያ ዘይት እስከሚቀጥለው ሰርቪስ አይቆይም፣ በዚያው ቀን ይፍሰስ።

ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ፒክአፕ ከሆነ በደንብ ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሕግ፦ የመሙያውን ቡሎን ቀድማችሁ ፍቱ። ማፍሰሻውን ከፍታችሁ ዘይቱን ከጨረሳችሁ በኋላ የመሙያው ቡሎን ዝጎ እምቢ ካለ፣ መኪናው ዘይት ሳይኖረው እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ላይ እምቢ ካለ ግን አሮጌው ዘይት ስላለ ነድታችሁ ጋራዥ ትደርሳላችሁ።

ዘይቱ ለብ ያለ ሲሆን በደንብ ይወርዳል። በጣም ትኩስ ከሆነ እጅ ያቃጥላል። የማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለውን ማግኔት ጥረጉ፣ የቡሎኑን ቀለበት ቀይሩ፣ አዲሱን ዘይት በእጅ ፓምፕ ከቀዳዳው እስኪፈስ ሙሉ። ቡሎኑን በሙሉ ጉልበት አትጨቁኑት። ቤቱ አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ይበላል፣ ያኔ ወጪው ከዘይቱ ይበልጣል።

የወጣው ዘይት ምን ይነግረኛል?

ብዙ። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር ቢኖር አትደንግጡ፣ የተለመደ መፋቅ ነው። በጣት ሲታሽ የሚቆረቁር ስባሪ፣ የጥርስ ቁራጭ ወይም መርፌ የመሰለ ብረት ካለ ግን ዘይት ቀይራችሁ ጭነት አትጫኑ፤ ይከፈት። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት ከልክ በላይ መሞቁን ይናገራል። ያ ሲሆን የሚቀጥለውን ቅየራ አቅርቡት፣ ጭነቱንም መርምሩት።

ሲኖትራክ አለኝ። ሁለት የሚነዱ አክስሎች አሉት። ምን ይለያል?

ቡሎኑ ይበዛል፣ የሚረሳውም ይበዛል። ሁለቱ አክስሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘይት አላቸው። በፊተኛው ላይ ደግሞ ኃይሉን ለሁለቱ የሚያካፍል ሌላ ዲፈረንሻል አለ። ብዙ አሠራሮች ላይ የራሱ መሙያ ስላለው አክስሉን ብቻ ሞልታችሁ ብትሄዱ እሱ ደረቅ ይነሳል። የጎማው መሃል፣ ሞዞው ውስጥ ተጨማሪ ጥርስ ያላቸው መኪናዎችም አሉ። እነሱ ላይ እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ማፍሰሻና መሙያ አለው፣ ጎማው በትክክለኛው አቅጣጫ ዞሮ ካልቆመም መጠኑ አይታወቅም። «ዲፈረንሻል ቀይሬአለሁ» ከሚል ረዳት የትኛውን እንደቀየረ ጠይቁት።

ጭቃ ውስጥ አንድ ጎማ በከንቱ ሲሽከረከር ጋዝ መርገጥ የዚህ መካከለኛ ዲፈረንሻል ዋና ጠላት ነው። ትናንሾቹ ጥርሶች በማይችሉት ፍጥነት ይዞራሉ፣ ዘይትም አይደርሳቸውም። የዲፈረንሻሉን መቆለፊያ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ቆማችሁ አስገቡ፣ አስፋልት ስትወጡ አውጡት።

ጎማ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

አንድ አክስል ላይ አንዱ ጎማ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ዙራቸው አይተካከልም። ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ሳይቀር ኩርባ ላይ እንዳለ ሲሠራ ይውላል። ሁለት የሚነዱ አክስሎች ባሉት መኪና ላይ ልዩነቱ በሁለቱ አክስሎች መካከልም ይሠራል፣ ዘይቱንም ያቃጥላል። አዲስ ጎማ በጥንድ፣ ነፋሱም እኩል ይሁን።

ድምፅ ይሰማኛል። ዘይት ብጨምር ይጠፋል?

ጎድሎ ከነበረ ሊቀንስ ይችላል። ጥርስ የተበላበትን ግን ዘይት አይመልሰውም። ጋዝ ስትረግጡ ብቻ ወይም ስትለቁ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ጥርሶቹን ጠርጥሩ። ጋዝ ረገጣችሁም ለቀቃችሁ ሳይለወጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ስትነሱ «ቋ» የሚል ካለ ዲፈረንሻሉን ከማስፈታታችሁ በፊት የፕሮፔለር ሻፍቱን መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን እዩ። ርካሹ እሱ ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ድምፅ ለማጥፋት የእንጨት ዱቄት ወይም የሙዝ ልጣጭ ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ የድሮ የደላላ ብልሃት ነው። ከመፈራረማችሁ በፊት ቡሎኑን አስፈትታችሁ ትንሽ ዘይት አስቀዱ። ሻጩ «ለምን?» ብሎ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ማሽከርከሪያ ጠምዝዤ ስዞር ከኋላ ይንቀጠቀጣል። ዘይት ከቀየርኩ ወዲህ ነው።

መኪናችሁ መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ሳይኖረው አይቀርም። እሱ ውስጡ ሸራዎች ስላሉት ለእሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ወይም ተጨማሪ ቅመም ይፈልጋል። ጣሳው ላይ ኤልኤስዲ የሚል ፈልጉ።

ትራክተሬም ተሳቢ ይጎትታል። ያው ዘይት ይሆናል?

ቆይ! እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ትራክተሮች ካምቢዮውን፣ የኋላ አክስሉን፣ ሃይድሮሊኩንና በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሬኑን በአንድ ዘይት ያሠራሉ። ለዚህ የተለየ የትራክተር ዘይት አለው። የጭነት መኪናውን ጂኤል-5 እዚያ ውስጥ ከሞላችሁ ፍሬኑ ሊበላሽ፣ የሃይድሮሊኩ ፓምፕም ሊቸገር ይችላል። በመከር ሰዓት ኢተያ ላይ ትራክተር ቆሞ መካኒክ መጠበቅን የሚወድ የለም።

የተቃጠለውን ዘይት የት ልድፋው?

መሬት ላይና ቦይ ውስጥ አይደፋ። አዳማ የምትጠጣው ከአዋሽ ነው። በክዳን ጀሪካን አጠራቅማችሁ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ስጡ።

መኪናው መንገድ ላይ ሞቶ በሌላ መኪና ሲጎተት ዲፈረንሻሉ ይጎዳል?

ዲፈረንሻሉ ዘይት ካለው አይጎዳም። ጎማው ሲዞር ኮሮናው ይዞራል፣ ዘይቱን ራሱ ይረጫል። የሚጎዳው ካምቢዮው ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማው ፕሮፔለር ሻፍቱን ሲያዞር፣ በብዙ ካምቢዮዎች ውስጥ ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ቆሟል። የላይኛው ግን ደረቁን ይሽከረከራል። ከመተሐራ እስከ አዳማ እንዲህ ተጎትቶ የመጣ መኪና ችግሩ ሞተር ብቻ ሆኖ ሳለ ካምቢዮም ጨምሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው የሚጎተት ከሆነ ፕሮፔለር ሻፍቱን ከዲፈረንሻሉ በኩል ፍቱት፣ እንዳይወዛወዝም በሽቦ ከቻሲው ጋር እሰሩት። አክስል ሻፍቶቹን ማውጣትም ይቻላል። ያን ካደረጋችሁ ግን የወጣበትን ቀዳዳ ሸፍኑት፤ አለዚያ ዘይቱ እየፈሰሰ አቧራው እየገባ ነው የምትደርሱት።